አንስታይን ቢሳሳትስ?



በዚህ በአዴት ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፤ «መምህር፤ አንስታይን ቢሳሳትስ?» ሲል ጠየቀኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነገሩን እንደ ድፍረት ቆጠረው። እኔ ግን በበኩሌ ደስ አለኝ፤ ሊቃውንቱም የሚጠይቁት ይህንኑ ነውና።

ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ጥምቀት 5 ቀን ሲቀረው፤ ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተዋሕደው የላኩት የስበት ሞገድ በአሜሪካ አገር በተተከሉት መሣሪያዎች ተመዘገበ። የተዋሐደው ጉድጓድ እንደ ተመታ ደወል ጥቂት ያስተጋባል፤ ደወል በድምፁ እንደሚለይ ሁሉ የጉድጓዱም መጠን ከዚያ ይታወቃል። የእንግሊዙ ሊቅ ሆኪንግ በ1971 እ.ኤ.አ. ከአንስታይን ትምህርት ተነሥቶ፤ የሁለቱ ጠቅላላ ስፋት ከቶ አይቀንስም ብሎ ነበር። ቢለካ፤ በፊት ወደ 240 ሺሕ የነበረው በኋላ ወደ 400 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ቀንሶ ቢገኝ ኖሮ የምናስተምረው ሁሉ ለጥያቄ በቀረበ ነበር!

እኛ ግን በፈተና ላይ «አንስታይን ምን አለ?» ብለን እናልፋለን። «በምን ታወቀ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመርበት ምን ይጎዳል? ፈተና የሚያወጡት ክፍሎች እንዲያስቡበት በትሕትና አሳስባለሁ።

አንድ መምህር
ከአዴት