«ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ሄዶ ይጫወታል እንጂ አይማርም» ለምትሉ ወላጆች



በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ውስጥ ከሳልና ከትኩሳት ቀጥሎ የበዛው ይኼ ነው፦ «ዶክተር፣ ልጄ 4 ዓመት ሞላው፤ መዋዕለ ሕፃናቱ ግን ሲያጫውተው ነው የሚውለው። የጎረቤቴ ልጅ ኤልኬጂ ሆና ደብተር ጨርሳለች፣ የእኔ ስሙን እንኳ አይጽፍም። ላስወጣው ወይ?» ከሐይቅም፣ ከውጫሌም፣ ከደሴም፣ ከአዲስ አበባም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው።

መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፦ አታስወጡት። እንዲያውም ልጃችሁ በ4 ዓመቱ በየቀኑ ሦስት ገጽ ሆምወርክ ተሸክሞ የሚመጣ ከሆነ፣ ያኔ ነው ቆም ብላችሁ ማሰብ ያለባችሁ። ይህን ስጽፍ ቅር የሚላቸው የትምህርት ቤት ባለቤቶች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ግን እነሱም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርጉት ወላጅ ደብተር ስለሚያገላብጥ ነው። ደብተሩ ባዶ ከሆነ «ብሬን በላችሁ» የምንለው እኛው ነን።

ከእጅ እንጀምር። አዋቂ ሰው በእጁ አንጓ ላይ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉት። የ3 ዓመት ልጅ እጅ በራጅ ሲታይ ግን ከእነዚህ ውስጥ የሚታዩት ሁለት ወይም ሦስት ያህል ብቻ ናቸው። የቀሩት ገና ወደ አጥንት ያልተለወጡ፣ ለስላሳ ናቸው። የጣቶቹም ጡንቻ ገና እየጠነከረ ነው። ይህን እጅ እርሳስ አስጨብጦ «ሁለት ገጽ ሀ ጻፍ» ማለት ገና ዳዴ የሚለውን ልጅ ሩጥ እንደማለት ነው። እጁን ለእርሳስ የሚያዘጋጀው ጭቃ ማቡካት፣ ቅልብልቦሽ፣ ብይ፣ ከእናቱ ጋር ምስር መልቀም፣ ከማሽላ አገዳ በሬ መሥራት ነው። የአምባሰል የገጠር ልጅ ከአገዳና ከጭቃ ሞፈርና ቀንበር ሠርቶ ሲያርስ ሲውል፣ ጣቶቹ በደብተር ላይ ከሚያገኙት በላይ ልምምድ እያገኙ ነው። ልጁ ይህን አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም።

ሌላው ሆድ ነው። ጠዋት ጠዋት ሆዱን የሚያመው የ4 እና የ5 ዓመት ልጅ ይመጣብኛል። ሰገራ ይመረመራል፣ ሽንት ይመረመራል፣ ምንም የለም። «ቅዳሜና እሑድስ ያመዋል?» ስል እናትየዋ ትንሽ አስባ «ኧረ አያመውም» ትላለች። እንግዲህ የሆድ ትል ቅዳሜን ከሰኞ አይለይም! (የሆድ ሕመም ሁሉ የትምህርት ቤት ፍርሃት ነው አላልኩም፤ መጀመሪያ ይመርመር።) እንዲህ ዓይነቱ ልጅ ብዙ ጊዜ ሆምወርኩን እያለቀሰ የሚሠራ፣ ፊደል ሲሳሳት መዳፉን የሚመታ፣ «ሰነፍ» የተባለ ነው። በ4 ዓመት ሰነፍ! ትምህርትን የሚያውቀው በሆድ ቁርጠት ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ጨዋታ ለአእምሮ ጥሩ ነው» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ልጁ ሲጫወት ያርፋል፣ ከዚያ በደንብ ይማራል ብሎ ነው። እኔ የምለው ከዚያ ያለፈ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ጨዋታው ራሱ ትምህርቱ ነው። እቃቃ ሲጫወቱ አይታችኋል? አንዷ እናት ትሆናለች፣ አንዱ እንግዳ፣ አንዷ ሕፃን። ጠጠሩ ዳቦ ነው፣ ቆርኪው ስኒ ነው፣ ቅጠሉ ብር ነው። ሌቭ ቪጎትስኪ የሚባለው ሩሲያዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከ90 ዓመት በፊት ያስተዋለው ይህንኑ ነው፤ በማስመሰል ጨዋታ ውስጥ ልጅ አንድን ነገር በሌላ መወከል ይለማመዳል። ድንጋይን «ዳቦ ነው» ብሎ ከጓደኞቹ ጋር የተስማማ አእምሮ፣ ነገ «ይህ ቅርጽ በ ይባላል» ሲሉት አይደናገርም። ፊደልም እኮ ያው ነው፣ ድምፅን የሚወክል ጭረት። ደግሞ እንግዳ የሆነው ልጅ «ቡና እስኪፈላ ቁጭ በል» ሲሉት ቁጭ ይላል። አስተማሪ «ቁጭ በል» ብትለው 2 ደቂቃ የማይቀመጠው ልጅ፣ ጨዋታው እንዳይፈርስበት ሲል ራሱን ይገዛል። አንደኛ ክፍል ሲገባ ከኤቢሲዲ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ራስን መግዛት ነው።

ሰኞ ማክሰኞንም ተመልከቱት። በከሰል መስመር ያሰምራሉ፣ ይቆጥራሉ፣ በአንድ እግር ይዘላሉ፣ መስመር የረገጠ ይቃጠላል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ሚዛን፣ ቁጥር፣ ሕግ፣ ትዕግሥት። ትንሽ ከፍ ሲሉ ገበጣ አለ። ጠጠሯን ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ በልቡ የሚቆጥር ልጅ መደመር እየሠራ ነው። እንቆቅልሽ ደግሞ ማታ መብራት ሲጠፋ (በእኛ አገር መቼ ያልቅና!) የሚሆን ጨዋታ ነው። መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል አይደል? ልጁ «ውጫሌን ሰጠሁህ… እምቢ ካልክ ደሴን» ሲል የአገሩን ስም እየተማረ ነው፣ ያውም ለመደራደር።

«ዶክተር፣ ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፤ አባቶቻችን በጨዋታ አልተማሩም» የሚለኝም አለ። ሐይቅ ላይ ተቀምጦ ይህን የሚል ሰው አይፈረድበትም። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም ነው። በአካባቢው ሕፃናት በሉህ ላይ እየጻፉ ቁርአን የሚቀሩበትም ልማድ ረጅም ነው። ለሁለቱም ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ እዚያ የሚገኘው የማስታወስ ችሎታ ቀላል አይደለም። ግን ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ድሮ ፊደል የሚቆጥረው ልጅ ቀሪውን ቀን ሜዳ ላይ ነበር። ከብት ሲጠብቅ፣ ዛፍ ሲወጣ፣ ገና ሲመታ፣ ሲታገል ይውላል። ሰዓቱን ሁሉ ወንበር ላይ አላሳለፈም። ሁለተኛ፣ የኔታዎቹ ራሳቸው ዜማና ምት የሌለው ፊደል አላስቆጠሩም። «ሀ ሁ» ካለቀ በኋላ አቡጊዳ የሚመጣውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ተራው ሲቀየር በቃል ሸምድዶ የሚያልፍ ልጅ ይያዛል። ፊደሏን አይቶ መለየት አለበት። ይህ ብልሃት ነው። ያለ ዜማ፣ ያለ ሩጫ፣ ከጠዋት እስከ 9 ሰዓት ጠባብ ክፍል ውስጥ እየገለበጡ መዋል ግን የአባቶችም አይደለም፣ የፈረንጅም አይደለም። ለነገሩ በትምህርት ውጤቷ የምትጠራው ፊንላንድ ልጆቿን አንደኛ ክፍል የምታስገባው በ7 ዓመታቸው ነው። የእኛም አገር የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ነው። ታዲያ ማን ነው የሚያጣድፈን?

አሁን እንደ ሐኪም ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ መሠረት ኢትዮጵያ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም፤ መቀንጨር የምንለው ነው። መቀንጨር ሲባል ሁላችንም የምናስበው ምግብ ነው። ጃማይካ፣ ኪንግስተን ከተማ ውስጥ በ1980ዎቹ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ለአንዳንዶቹ ተጨማሪ ምግብ ተሰጠ። ለሌሎቹ የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ቤታቸው እየሄደች፣ እቤት በተሠሩ መጫወቻዎች እናትየዋ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ አሳየች። ለሁለት ዓመት ብቻ። ከ20 ዓመት በኋላ አድገው ሥራ ሲይዙ፣ በጨዋታ የታገዙት ካልታገዙት በ25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። ምግብ ብቻ ያገኙት ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ምግብ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ የራበው ልጅ አይጫወትም። ግን ሆዱ ብቻ ሞልቶ የሚያወራው የሌለው ልጅ ግማሽ ሕክምና ነው ያገኘው።

ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጎድተው ለሚተኙ ሕፃናት ከወተቱና ከመድኃኒቱ ጋር በየቀኑ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚሆን ጨዋታን በሕክምናው ውስጥ ያስገባው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በእንዲህ ያሉ ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናትም በጨዋታ የታገዙት በእንቅስቃሴና በጣት ቅልጥፍና የተሻለ መሻሻል እንዳሳዩ አረጋግጧል። ጦርነትና መፈናቀል ያለፈበት እንደ እኛ ያለ አካባቢ ላይ ደግሞ ይህ የበለጠ ይከብዳል። በ2014 የሆነውን ያየ ልጅ፣ ወይም ከቀዬው ተፈናቅሎ ሐይቅ አካባቢ መጠለያ ውስጥ ያደገ ልጅ፣ የደረሰበትን በአፉ አይነግራችሁም። ደጋግሞ በጨዋታው ያሳያችኋል። የጦርነት ጨዋታ ሲጫወት ስታዩት ቶሎ «ተው!» ከማለት ተቀመጡና እዩት። ጨዋታው ቀን ከቀን ያለ ለውጥ የሚደጋገም፣ ልጁን የሚያረጋጋ ሳይሆን የሚያስፈራ፣ ከእንቅልፍ መባነን ጋር የሚመጣ ከሆነ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ስለ ስልክ ካላወራሁ አትለቁኝም። እሱን ለማሳጠር፦ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት በቀን ቢበዛ 1 ሰዓት፣ ከዚያ ባነሰ ቁጥር የተሻለ። በዚያው የ2019 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፣ ከዚህም 60ው ላብ የሚያወጣ ሩጫና ዝላይ መሆን አለበት። 3 ሰዓት ነው! «ልጄ በዩቲዩብ እንግሊዝኛ ለመደ» የምትሉኝ አላችሁ። የቀለም ስም ይጠራል፣ እውነት ነው፤ ግን ስልኩ አይመልስለትም፣ አይከራከረውም፣ ተራ አያስጠብቀውም።

የት ይጫወት? ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ቦታ የለም፣ ሐይቅ ከተማ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ባጃጅና አይሱዙ ነው። አዲስ አበባ ላይ መንገድ ለሰው ሲባል መኪና የተዘጋበት አስፋልት ላይ ልጆች ሲሮጡ ያየ ሰው ቦታ ምን ያህል እንደተራቡ ይገባዋል። የእኛ ከተማ አንድ የሰፈር መንገድ እሑድ ለሦስት ሰዓት ብትዘጋ ምን ትጎዳለች?

ሐይቁስ? እዚህ ላይ እንደ ሐኪም ጥብቅ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ የአንጀት ብልሃርዚያ መኖሩን አሳይቷል። ብልሃርዚያ የሚይዘው ውኃው ውስጥ በመንቦራጨቅ ነው፣ ትሉ በቆዳ ይገባል። ስለዚህ ልጆች ዳር ላይ፣ ደረቁ ላይ ይሩጡ እንጂ ቀንድ አውጣ ያለበት ውኃ ውስጥ አይግቡ። የገባ ልጅ ካለ ይመርመር፣ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል አለ። ይህን ስላልኩ ግን ልጁን ቤት ቆልፉበት ማለቴ እንዳይመስላችሁ።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር አምናለሁ፤ «ዝም ብለው ነው የሚያጫውቱት» የሚለው ጥርጣሬ አንዳንዴ ልክ ነው። 60 ልጅ ባዶ ግቢ ውስጥ ለቆ አስተማሪዋ ስልኳን የምትነካካ ከሆነ እሱ በጨዋታ ማስተማር አይደለም፣ መጠበቅም አይደለም። ስለዚህ ስትሄዱ ደብተሩን ተዉትና ክፍሉን እዩ። ልጆች የሚነኩት ነገር አለ? አሸዋ፣ ቆርኪ፣ የጨርቅ ኳስ ይበቃል፣ ከቻይና የመጣ ፕላስቲክ አያስፈልግም። አስተማሪዋ አጠገባቸው ጎንበስ ብላ «ይሄ ምንድነው? ስንት ሆነ? ቢወድቅስ?» ትላለች? ልጆቹ ያወራሉ ወይስ ጸጥ ብለዋል? የ4 ዓመት ልጆች የሞሉበት ጸጥ ያለ ክፍል እኔን ያስፈራኛል።

በመጨረሻ ጨዋታ ለእኛ ለሐኪሞች መመርመሪያም ነው። በ18 ወሩ የሚፈልገውን በጣቱ የማይጠቁም፣ በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ማስመሰል ያልጀመረ (አሻንጉሊት ማጉረስ፣ በቆርኪ ቡና መጠጣት)፣ ሰዓቱን ሁሉ የመኪናውን ጎማ ብቻ የሚያሽከረክር፣ ወይም ይጫወተውና ይናገረው የነበረውን የተወ ልጅ ካላችሁ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ቆይቶ ነው» የሚለውን አትጠብቁ፣ የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰዱት። ስትመጡ ደግሞ ልጁ እቤት ሲጫወት የቀረጻችሁትን የ2 ደቂቃ ቪዲዮ ይዛችሁ ኑ። ነጭ ጋዋን ሲያይ የሚያለቅስ ልጅ እኔ ፊት አይጫወትም፤ ከዚያች ቪዲዮ የማየውን ያህል ክፍሌ ውስጥ በግማሽ ሰዓት አላይም።