አጥር የሌለው ቤትም ቤት ነው፦ ተከራይ ቤተሰቦችና የባዘኑ እንስሳት በሰሜን ቨርጂኒያ

በሰሜን ቨርጂኒያ ባለቤት ያጡ ድመቶችንና ውሾችን ተቀብለው ለአዲስ ባለቤት የሚያስረክቡ የበጎ ፈቃደኞች ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ሕንፃ የላቸውም። እንስሳቱ የሚያድሩት በአባላቱ ሳሎን፣ በምድር ቤትና በትርፍ መኝታ ክፍል ነው። የግዛቱ ሕግም ይህን አሠራር ያውቀዋል፤ እንስሳትን በጊዜያዊ አሳዳጊዎች ቤት እያቆዩ ለቋሚ ባለቤት የሚያስተላልፉ ድርጅቶችን በራሳቸው መጠሪያ ለይቶ ይደነግግላቸዋል። በመሆኑም የአንድ ቡድን አቅም የሚለካው በገንዘቡ ብቻ አይደለም። በራቸውን በሚከፍቱለት ቤቶች ቁጥርም ጭምር ነው።

በዚሁ አካባቢ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ፣ በርካታ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ብዙዎቹ በአፓርታማ የሚኖሩ ተከራዮች ናቸው። በአንድ በኩል ቡድኖች የቤት ያለህ ይላሉ፤ በሌላ በኩል ድመት ወይም ውሻ ለማሳደግ ፈቃደኛ የሆነ ተከራይ ቤተሰብ ከማመልከቻ ቅጹ አያልፍም። ይህ ክፍተት የሚጠበው ቡድኖቹ መስፈርታቸውን ከእንስሳው ደኅንነት ጋር ሲያዛምዱ፣ ማኅበረሰቡም የባለቤትነትን ኃላፊነት በሙሉ ልብ ሲቀበል ነው።

ከመጠለያ እስከ ቤት

በቨርጂኒያ ሕግ መሠረት ባዝኖ ተገኝቶ ወደ ሕዝብ መጠለያ የገባ እንስሳ ቢያንስ ለ5 ቀናት ባለቤቱ እንዲፈልገው ይጠበቃል። ባለቤቱን የሚጠቁም ምልክት ካለው ተጨማሪ 5 ቀናት ይሰጠዋል። ጊዜው ሲያልፍ መጠለያው ሦስት ዋና አማራጮች አሉት፦ ለአሳዳጊ መስጠት፣ ለሌላ ድርጅት ማስተላለፍ ወይም በመርፌ ሕይወቱን ማሳለፍ። በጎ ፈቃደኞቹ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። መጠለያዎቻቸው ከተጨናነቁባቸው የገጠር ወረዳዎችና የደቡብ ግዛቶችም በመኪና ረጅም መንገድ ተጉዘው እንስሳትን ያመጣሉ።

እንስሳው ከተረከቡት በኋላ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ይከተባል፤ የአንጀት ትል መድኃኒት ይሰጠዋል፤ እንዳይራባ የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ትቀበርለታለች። ከደቡብ የመጣ ውሻ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚተላለፈው የልብ ትል ከተገኘበት ሕክምናው ወራትን ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ ውሻው መሮጥና መዝለል ስለሌለበት የሚቆጣጠረው ሰው ያስፈልገዋል። እናቷን ያጣች አራስ የድመት ግልገልም በየጥቂት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በጡጦ ትመገባለች። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ደመወዝ በማይከፈላቸው ሰዎች ቤት ነው።

ጊዜያዊ አሳዳጊው ሌላም ጥቅም ይሰጣል። በመጠለያ ጎጆ ውስጥ ፈርቶ የተኮራመተ ውሻ እውነተኛ ጠባዩ አይታወቅም። በቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቆይ ግን ከልጆች ጋር ይስማማ እንደሆነ፣ ድመት ያሳድድ እንደሆነ፣ ብቻውን ሲቀር ይጮህ እንደሆነ ይታያል። ትክክለኛውን ባለቤት ለመምረጥ ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም።

ሕጉ የሚጠይቀው፣ ቅጹ የሚጨምረው

የቨርጂኒያ ሕግ እንስሳ ከሚያሳድግ ሰው የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። እንስሳው አስቀድሞ ካልመከነ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ለማስመከን ውል መፈረም አለበት። በእንስሳት ላይ በመጨከን፣ በቸልተኝነት ወይም በመጣል ተፈርዶበት እንደማያውቅ በፊርማው ያረጋግጣል። አንድ ድርጅት ለአንድ ሰው በ30 ቀናት ውስጥ የሚሰጠው የእንስሳት ቁጥርም የተገደበ ነው። ከዚህ ውስጥ የግቢ አጥር የሚል መስፈርት የለም፤ የቤት ባለቤትነትም የለም።

በአንዳንድ ቡድኖች ቅጽ ላይ ግን ሁለቱም አሉ። የታጠረ ግቢ፣ የራስ ቤት፣ ቀደም ሲል እንስሳ ያከመ ሐኪም ምስክርነት፣ ከዘመድ ውጭ የሆኑ ሁለትና ሦስት ምስክሮች፣ ከተወሰነ ዕድሜ በታች ልጅ አለመኖር ይጠየቃል። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ይመስላል። ተደምረው ሲታዩ ግን የሚመርጡት አንድን የኑሮ ደረጃ ነው። በዚህች አገር እንስሳ አሳድጎ የማያውቅ ሰው የሐኪም ምስክርነት ከየት ያመጣል? በሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ቤተሰብ የትኛውን ግቢ ያጥራል?

አጥር ብቻውን የእንክብካቤ ማረጋገጫ አይደለም። ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ውሻውን ቀኑን ሙሉ ደጅ ትቶት ሊውል ይችላል። በአፓርታማ የሚኖር ሰው ግን ውሻውን አስሮ በቀን ሦስት ጊዜ ከማስወጣት ሌላ ምርጫ የለውም። ለድመት ደግሞ የአጥር ጥያቄ ትርጉም የለውም። ብዙ ቡድኖች ድመት ከቤት እንዳትወጣ የሚያስፈርሙ ሆነው ሳለ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ቅጽ መጠቀም የአሠራር ጉድለት ነው።

ቅጹ የማይጠይቃቸው ጥንካሬዎችም አሉ። እናት በቀን፣ አባት በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩበት፣ አያትም አብረው የሚኖሩበት ቤት ሰው አያጣም። ረጅም ሰዓት ብቻውን ሲተው ለሚጨነቅ ውሻ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በቅጹ ላይ ግን የነዋሪዎች ብዛት ተብሎ እንደ ሥጋት ሊመዘገብ ይችላል።

የበጎ ፈቃደኞቹ ሥጋት

የቡድኖቹ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። ያስረከቡት ውሻ ከወር በኋላ ሲመለስ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው፤ የሚመለስበት ቤት በሌላ እንስሳ ተይዞ ከሆነ ጭንቀቱ እጥፍ ነው። ከተመላሾቹ አንዱ ምክንያት ደግሞ የኪራይ ውል ነው። አከራዩ እንስሳ አይፈቅድም፣ ወይም ዝርያውንና ክብደቱን ይገድባል፣ አለዚያም ማስያዣና በየወሩ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። ይህን አስቀድሞ ያላጣራ ቤተሰብ ከልጆቹ ዕንባና ከቤት ማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ የአከራይ የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሊቀርም አይገባም። እንስሳው ካልተስማማ ለሌላ ሰው ሳይተላለፍ ለቡድኑ ይመለስ የሚለው የውል አንቀጽም እንዲሁ። ሊለወጥ የሚገባው አመልካቹ ስለ እንስሳው አንድም ቃል ሳይናገር በቅጹ ብቻ የሚጣልበት አሠራር ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

በማኅበረሰቡም ዘንድ ሊነገር የሚገባው አለ። በኢትዮጵያ ያደገ ሰው ውሻን የሚያውቀው በአብዛኛው በግቢ ጠባቂነቱ ነው፤ ድመትም አይጥ አዳኝ ናት። ውሻ ከሰው ጋር ምንጣፍ ላይ ሲተኛ ማየት ለብዙ ወላጆች እንግዳ ነው፤ ሃይማኖታዊ ልማድም በዚህ ላይ ይጨመራል። ከሁሉ በላይ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ትዝታ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገምታል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። በሽታው በኢትዮጵያ ዛሬም አለ። ስለዚህ የእናቶች ፍርሃት ከእውነት የመነጨ እንጂ ኋላቀርነት አይደለም።

በአሜሪካ ሁኔታው ሌላ ነው። ከውሻ ወደ ውሻ የሚዛመተው የበሽታው ዓይነት ከአገሪቱ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታውጇል። በሽታው በሌሊት ወፍና በሌሎች የዱር እንስሳት ላይ ስለሚገኝ ግን ክትባቱ ግዴታ ሆኖ ቀጥሏል፤ በቨርጂኒያ ዕድሜው 4 ወር የሞላው ውሻና ድመት ሁሉ መከተብ አለበት። ከቡድን የሚወሰድ እንስሳ ከክትባት ማስረጃው ጋር ይመጣል። ይህን በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍ ብዙ በር ይከፍታል።

ቋንቋውን ማካተት የሚቻል ነገር ነው። በአጎራባቿ ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የአሌክሳንድሪያ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች በአማርኛ ይጽፋሉ። የበጎ ፈቃድ ቡድኖችን እንዲህ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ጥቅማቸው ግን ያስገድዳቸዋል።

ምን ይደረግ?

ቡድኖቹ ሦስት ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። አንደኛ፣ የውሻና የድመት ቅጽ ይለይ፤ አጥርና የቤት ባለቤትነት ከቅድመ ሁኔታነት ወጥተው የውይይት ነጥብ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ የሐኪም ምስክርነት ለሌለው ቤተሰብ የሙከራ ጊዜ ይሰጠው፤ በጊዜያዊ አሳዳጊነት ጀምሮ ሲስማማ በቋሚነት ይፈርም። በዚህ መንገድ ቡድኑ ቤተሰቡን በወረቀት ሳይሆን በተግባር ይመዝናል። ሦስተኛ፣ ውሉና የእንክብካቤ መመሪያው በአማርኛ ይቅረብ፤ በቤት ጉብኝት ጊዜም ቋንቋውን የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ ይገኝ።

ከማኅበረሰብ ድርጅቶችና ከአብያተ እምነት የሚጠበቀውም ቀላል አይደለም። አባሎቻቸው ከመፈረማቸው በፊት የኪራይ ውላቸውን እንዲያነቡ፣ የሕክምና ወጪን እንዲያሰሉ፣ ውሻ ከአሥር ዓመት በላይ አብሮ ሊኖር እንደሚችል እንዲያውቁ ማስተማር አለባቸው። ቤት ሲቀየር እንስሳን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ በቨርጂኒያ ሕግ የተከለከለ መሆኑም በግልጽ ይነገር። ለልጅ ልደት ተብሎ የተገዛ ቡችላ ልጁ ሲሰለቸው የሚጣል ከሆነ ቡድኖቹ የሚያጠብቁት በር ይበልጥ ይጠብቃል፤ ጉዳቱም ቀጥሎ ለሚያመለክተው ወገን ይተርፋል።

የሚጠየቀው ለውጥ አዲስ በጀት አይፈልግም፤ ቅጽ መከለስና ጥቂት ገጾች መተርጎም ነው። ባልተከለሰ ቅጽ ምክንያት ተከራይ ቤተሰብ በተመለሰ ቁጥር አንድ ጊዜያዊ ቤት ሳይለቀቅ ይቆያል፤ በመጠለያ ቀኑ ያለቀበት ቀጣዩ እንስሳም ገብቶ የሚያድርበት ቤት ያጣል።