ጅቡ ማን ነው?

ዶርም ውስጥ ተሰብስቦ ሆረር ፊልም ማየት የተለመደ ነው። «አስፈሪ መጽሐፍስ ለምን አናነብም?» ስል ግን «እሱ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ደግሞ ለጋዜጠኛ ምን ያደርግለታል?» ይሉኛል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ያደግኩት ቦኖሻ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ አያቴ ሌሊት ሌሊት ጅብ ስለሚሆን ሰው ትነግረን ነበር። ደጅ መውጣት እንፈራለን። ችግሩ ፍርሃቱ ሲነጋም አይለቅም። ከሰፈራችን ዳር የሚኖሩ ሸክላ ሠሪዎች «ቡዳ ናቸው» ስለሚባል ከልጆቻቸው ጋር ተጫውቼ አላውቅም። የሠሩት ጀበና ግን በየቀኑ ቤታችን ይፈላበት ነበር።

ይህን እንዳስብበት ያደረጉኝ የጥቁር ደራስያን ሥራዎች ናቸው። ሦስቱን ልጠቁማችሁ።

የመጀመሪያው ናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱዎላ እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው «ዘ ፓልም ዋይን ድሪንካርድ» ነው። አንዲት ልጅ ገበያ ላይ ያየችውን መልከ መልካም ሰው ተከትላ ትሄዳለች። ለካ እጅ እግሩ ሁሉ የኪራይ ነው! መንገድ ላይ ለየባለቤቱ እየመለሰ ሄዶ በመጨረሻ የራስ ቅል ብቻ ይቀራል። እንግሊዝኛው የተረት ነጋሪ አፍ ስለሆነ ሰዋስው አትፈልጉበት። የአያቴን ማታ ነው ያስታወሰኝ።

ሁለተኛው የአሜሪካዊው ሪቻርድ ራይት ግጥም «ቢትዊን ዘ ወርልድ ኤንድ ሚ» (1935 እ.ኤ.አ.) ነው። ሰውየው ጠዋት ጫካ ውስጥ ሲሄድ መንጋ ያቃጠለው የጥቁር ሰው አጥንትና አመድ ያገኛል። ቆሞ ሲያይ ሟቹ ራሱ ይሆናል። አጭር ስለሆነ ከዚህ ጀምሩ፤ ማታ ብቻችሁን ግን አታንብቡት።

ሦስተኛው የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» (1987 እ.ኤ.አ.) ነው። ማርጋሬት ጋርነር የተባለች ባሪያ እ.ኤ.አ. በ1856 ከኬንታኪ አመለጠች፤ ሊይዟት ሲደርሱ ልጄ ወደ ባርነት አትመለስም ብላ በገዛ እጇ ገደለቻት። ሞሪሰን ይህንን ያገኘችው ከአሮጌ ጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው። በልብ ወለዱ የሞተችው ልጅ ቤቱን ታስጨንቃለች፣ ኋላም ወጣት ሴት ሆና ትመጣለች። «ለጋዜጠኛ ምን ያደርጋል?» ላላችሁኝ መልሴ ይኸው፤ ዜናው የሆነውን ነገረን፣ ልብ ወለዱ እንዳንረሳው አደረገን።

ከእኛስ? የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» መንፈስ የለበትም፤ ዋና ገጸ ባሕሪው ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታተመ፣ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ታሪክ አላነበብኩም።

በእኔ እምነት እነዚህ ሥራዎች አንድ ጥያቄ ያስተምራሉ፤ ጭራቅ የተባለው ማን ነው? ያለውስ ማን ነው? በራይት ግጥም ውስጥ ጭራቆቹ ተራ የሰፈር ሰዎች ናቸው። እኔም በልጅነቴ ከእነሱ ወገን ነበርኩ፤ ድንጋይ ባልወረውርም ሸሽቻለሁ።

ስለዚህ ለቀጣዩ የፊቸር ሥራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ስለ ቡዳ የሚያወሩትን ሳይሆን ቡዳ የተባሉትን እንጠይቅ። እኔ ከሰፈሬ እጀምራለሁ። ጀበናውን የሠራችው እናት እስከ ዛሬ ስሟን አላውቅም፤ የመጀመሪያው ጥያቄዬ እሱ ነው።

ቸር ያቆየን!