የምርመራ ወረቀታችሁ የማን ነው? ስለ ዳታ ጥበቃ አዋጁና ስለ ስልካችን

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን ያጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፈው ነበር። ስለ ዳታ ሕግ ሲወጣ እኛ ጋር ዳታ አልነበረም! ኔትወርኩ ሲመለስም ሁሉም ያመለጠውን ወሬ ነው የፈለገው፤ አዋጁን ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ነው።

ግን ይመለከተናል፤ በተለይ ታመን ካርድ ክፍል የተሰለፍን ቀን።

አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን "ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ" ከሚባሉት ዳታዎች ይመድበዋል። በቀላሉ ሲነገር፣ የደም ምርመራ ውጤታችሁ ከስልክ ቁጥራችሁ የበለጠ ጥበቃ አለው። ስለ እናንተ የተያዘውን መረጃ የማወቅ፣ ስህተት ካለው የማሳረም፣ በሕጉ በተቀመጡ ሁኔታዎችም የማሰረዝ መብት አላችሁ። መረጃ የያዘ ተቋም ዳታው ካፈተለከበት በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በ2017 ደግሞ የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ጸደቀ። ያኔ ሰው ሁሉ የተከራከረው ስለ ሕይወት ማቆያ መሣሪያና ስለ ሰው ሰራሽ የፅንስ ዘዴ ነበር። የታካሚ ምስጢር ግን መነጋገሪያ አልሆነም።

ችግሩ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ሲጻፍ በዋናነት የታሰበው ስለ ትልልቅ የኮምፒውተር ቋቶች ነው። እኛ ጋር ምስጢር የሚወጣው ግን በአፍና በስልክ ካሜራ ነው። ደብረ ታቦር ትልቅ ከተማ አይደለችም። ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት የመጣ ታካሚ ወረፋው ላይ ጎረቤቱን ወይም የአክስቱን ልጅ ያገኛል። በአንድ ክፍል ሁለት ሰው አብሮ ሲታይ፣ የበሽታው ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ፣ ክፋት ኖሮ ላይሆን ይችላል፤ ክፍል ጠቦ፣ ባለሙያ አንሶ ነው። ጉዳቱ ግን ያው ነው። ሰው እንዳያየኝ ብሎ የኤችአይቪ መድኃኒቱን ሌላ ከተማ ሄዶ የሚወስድ ታካሚ መኖሩን የጤና ባለሙያ ያውቃል። መንገድ የተዘጋ ቀን ያ ሰው መድኃኒቱ ይቋረጥበታል። ምስጢር ማውጣት ሐሜት ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው፤ ጤና ያሳጣል።

መዝገቡም እየሰፋ ነው። ፎገራ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበረች። ዛሬ የመድህን ደብተር የያዘ አባወራ የመላ ቤተሰቡ ስም የሆነ ቦታ ተመዝግቧል። ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ሥራ ይቀላል፤ የሚያየውም ሰው ይበዛል። ማን ምን ያያል የሚለውን ከአሁኑ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ ምስጢራችን ቢወጣ የት እንሂድ? ባለሥልጣኑ አዲስ አበባ ነው፤ ከእኛ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ። የዚህ አዋጅ ትልቁ ድክመት ለኛ ይሄ ርቀት ነው። ቅርብ ያለ ሌላ ሕግ ግን አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ያወጣ ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ፋርማሲስት በተበዳዩ አቤቱታ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። "በተበዳዩ አቤቱታ" የምትለዋን ልብ በሉ። እናንተ ካላመለከታችሁ ማንም አይነሳላችሁም። መጀመሪያ የጤና ተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ጋር፣ ካልሆነ ፖሊስ ጋር፣ በጽሑፍ።

አሁን ወደ ራሳችን። እንበልና ጓደኛችን ታሞ ገንዘብ እናሰባስብ አልን። የሪፈር ወረቀቱን እንዳለ ፎቶ አንስተን ቴሌግራም ላይ እንለቃለን፤ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የበሽታው ዓይነት፣ ከነስልኩ። ገንዘቡ ይሰበሰባል፣ ሰውየውም ይድናል እንበል። ፎቶው ግን ይኖራል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሥራ ሲፈልግ፣ ትዳር ሲያስብ፣ አንዱ ከስልኩ ያወጣዋል። ሐኪም አይደለንም፣ አንቀጽ 399 አይነካን ይሆናል። ሕሊናስ?

ስለዚህ ከመለጠፋችን በፊት፦

• ታካሚውን ራሱን እንጠይቅ። "ቤተሰቡ ፈቅዷል" ብቻውን አይበቃም።
• የካርድ ቁጥሩንና የምርመራ ዝርዝሩን እንሸፍን። ለመርዳት ያሰበ ሰው ዝርዝሩን ሳያይም ይረዳል።
• ገንዘቡ ሲሞላ ፖስቱን እናጥፋ።
• ሆስፒታል ገብተን ቲክቶክ ስንቀርጽ ከኋላችን አልጋ ላይ ያለውን ሰው እንይ። እሱ አልፈቀደም።

ሕጉ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ መጀመሪያ የሚጠብቀን እርስ በርሳችን ነን። እናንተስ ካርድ ክፍል ወይም መድኃኒት ቤት ምን ገጠማችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የሰውም የተቋምም ስም ሳትጠሩ።