ለግድግዳ ጌጥም ክትና ዘወትር አለው

በብዙ መኖሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ፣ የብራና ሥዕል፣ በባለ ቀለም አክርማ የተሰፋ ሰፌድ ወይም በመስታወት ውስጥ የተደረደረ ቴምብር ማየት የተለመደ ነው። የእነዚህ ዕቃዎች ክብር በገበያ ዋጋቸው ብቻ አይለካም፤ ከተበላሹ የሚተካቸው የለምና። ይሁን እንጂ ባለቤታቸው ከሌባ፣ ከአቧራና ከብል ሲጠብቃቸው፣ ቀለማቸውን በየዕለቱ የሚወስደውን ብርሃን አይጠረጥረውም።

የነገሩ ምክንያት በምርመራ ከታወቀ ቆይቷል። ረስልና አብኒ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1888 ስለ ውሃ ቀለም ሥዕሎች ባቀረቡት ሪፖርት፣ ቀለምን ይበልጥ የሚጎዱት የብርሃን ክፍሎች ሰማያዊውና ሐምራዊው መሆናቸውን አስረድተዋል። ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው።

እንግዲህ የቤታችንን መብራቶች በዚህ ሚዛን እንመልከታቸው። ባለ ሽቦው አምፑል አልትራቫዮሌቱ ጥቂት ነው፤ ሙቀቱ ግን ብዙ ስለሆነ ከአጠገቡ የተሰቀለውን ብራና ያደርቃል፣ ያጨማድዳልም። ሃሎጅን የሚባለው የመስታወት ክዳን ከሌለው፣ ረጅሙ ፍሎረሰንትም በአብዛኛው፣ ከባለ ሽቦው የበለጠ አልትራቫዮሌት ይሰጣሉ። ዛሬ የተስፋፋው ኤልኢዲ አልትራቫዮሌት የለውም ለማለት ስለሚቻል ከሁሉም ይሻላል። ነገር ግን የሚታየው ብርሃን ራሱ፣ ይልቁንም ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ ቀለም ያስለቅቃል። ስለዚህ ኤልኢዲ ገዝቻለሁ ብሎ ሌሊቱን ሁሉ ማብራት ራስን ማታለል ነው።

ከመብራቱ ዓይነት ይልቅ የሚያሳስበው የብርሃኑ ብዛትና የሰዓቱ ርዝመት ነው። ጉዳቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል እንጂ መብራቱ ሲጠፋ አይሽርም። በዚህም ምክንያት ቤተ መዘክሮች ለብራና፣ ለጨርቅና ለውሃ ቀለም ሥዕል የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ ያህል ብቻ ነው። የቀትር ፀሐይ ግን ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ይህም ማለት የአንድ ሰዓት የቀትር ፀሐይ በ50 ሉክስ ከሚበራ የ2,000 ሰዓት መብራት ጋር ይተካከላል። መብራቱ በየምሽቱ 5 ሰዓት ቢበራ 400 ምሽት መሆኑ ነው። የመስኮት መስታወት ይህን ኃይል ጥቂት ቢቀንሰውም አያስቀረውም። ስለዚህ ከአምፑሉ አስቀድሞ መከሰስ ያለበት መስኮቱ ነው።

መከላከያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሥዕሉን ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ መስቀል፣ መጋረጃ መዝጋት፣ አምፑሉን ማራቅና ከክፍሉ ሲወጡ ማጥፋት ይበቃል። የቀለም ፎቶግራፍ ከጥቁርና ነጩ ይልቅ ቶሎ ስለሚወይብ፣ ቅጂውን ሰቅሎ ዋናውን በጨለማና በደረቅ ቦታ ማኖር ይገባል።

ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን የክት ልብሳቸውን በሣጥን አኑረው ለዓመት በዓል ብቻ ያወጡት ነበር። በየአብያተ ክርስቲያናቱም ሥዕሎችን በመጋረጃ መሸፈን የቆየ ልማድ ነው። ልብስን በክትና በዘወትር ለይቶ የሚያኖር ሕዝብ፣ የአባቱን ምስል የዘወትር አድርጎ ለፀሐይ ሊሰጠው አይገባም። ልብስ ቢያረጅ ይገዛል፤ የወየበ ፎቶግራፍ ግን ለልጅ ልጅ የሚያሳየው ባዶ ወረቀት ብቻ ይሆናል።