አዋሽ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ያልጠየቀችው ጥያቄ

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ ብዙው የአዲስ አበባ ሰው ስልኩን እያየ ነበር የሚያድረው። ስንት ሆነ? 4.9 ነው ወይስ 5.2? ታኅሣሥ 26 ሊነጋጋ ሲል 5.7 ገደማ ተመዘገበ። የካቲት 7 ማታ ደግሞ 6 የሚደርስ መጣ። ፎቅ ላይ የሚኖረው ልጆቹን ይዞ ደረጃ ወረደ። ከዚያ መሬቱ ጋብ ሲል ወሬውም አብሮ ጋብ አለ።

እኛ ግን ዛሬ መለስ ብለን ልናነሳው የፈለግነው ነገር አለ። ያን ሰሞን ሁላችንም "በሬክተር ስኬል ስንት ነው?" እያልን ነበር። "የምኖርበት ሕንፃ እንዴት ነው የተሠራው?" ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ሕንፃ ወድቆበት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ይብሳል።

መጀመሪያ፣ የሆነው ምን ነበር?

በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል፣ ከመሬት ሥር፣ ማግማ የሚባለው ቅልጥ አለት ድንጋዩን እየሰነጠቀ ተጓዘ። ይህንን ከሳተላይት የተነሱ የራዳር ምስሎች አሳይተዋል። ዋናውን ዋጋ የከፈለው የአፋርና የኦሮሚያ የአካባቢው ነዋሪ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነስቷል። አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ የደረሳት መወዛወዙ ነው።

ይሄ ግን ለሌላ ጊዜ ዋስትና አይሆንም። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ከ6 በላይ ነበር፤ ማጀቴን አፍርሷል። በ1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሰርዶ ፈርሳለች። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ረጃጅም ፎቆች ጥቂት ነበሩ። አሁን የምንተኛው ሌላ ከተማ ውስጥ ነው።

ርቀት ብቻውን አያድንም

በ1978 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሜክሲኮ ሲቲን ያወደመው መንቀጥቀጥ መነሻው ከከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። መጠኑ 8 ስለነበር ከአዋሹ ጋር አይወዳደርም። ትምህርቱ ግን ስለ አፈር ነው። ከተማዋ የተሠራችው በደረቀ ሐይቅ ላይ ነው። ለስላሳው ጭቃ ከሩቅ የመጣውን ንዝረት አጉልቶ ለሕንፃዎቹ አቀበላቸው። በጣም የተጎዱት ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ነበሩ፤ የእነሱ መወዛወዝ ከአፈሩ መወዛወዝ ጋር ገጠመና።

አዲስ አበባም አንድ ዓይነት መሬት የላትም። ወደ እንጦጦ ግርጌ አለቱ ቅርብ ነው። ወደ ቦሌና አቃቂ ስትወርዱ ጥቁር አፈር ታገኛላችሁ። ጥቁር አፈር መንቀጥቀጥ ባይኖርም አስቸጋሪ ነው፦ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በር አልዘጋ የሚለው፣ ግድግዳ በሰያፍ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ቆፍሮ ማውጣትና ሰሌክት መሙላት የተለመደው መፍትሔ ነው፤ ስንት ሜትር ይቆፈር የሚለውን ግን የሚነግራችሁ የእናንተው ቦታ የአፈር ምርመራ እንጂ የጎረቤት ውጤት ኮፒ አይደለም።

ኮዱ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ኮድ የላትም የሚል ፖስት አይተን ነበር። ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ ኮድ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው፤ ከ2015ቱ ጀምሮ ደግሞ ከአውሮፓ ኮድ ጋር የተጣጣመው አለ።

ልዩነታቸው ቀላል አይደለም። አሮጌው መሠረት ያደረገው በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣን መንቀጥቀጥ ነው። ሲሰላ፣ አንድ ሕንፃ በ50 ዓመት ዕድሜው እንዲህ ያለው ወይም የባሰው የሚገጥመው ዕድል ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። አዲሱ የ475 ዓመቱን ይወስዳል፤ ዕድሉ 10 በመቶ ነው። ባለሙያዎች አሮጌው እንዲሻሻል ለዓመታት ሲወተውቱ ቆይተዋል።

ታዲያ ከአዲሱ ኮድ በፊት ዲዛይን የተደረገው ሁሉ፣ ብዙ ኮንዶሚኒየሞችን ጨምሮ፣ የተሰላው በአሮጌው መለኪያ ነው። ይወድቃል ማለታችን አይደለም። ግን ተመርምሮ ይታወቅ ማለታችን ነው።

ወረቀቱና ሳይቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኮድ ሕንፃ አያቆምም፤ ሕንፃ የሚያቆመው ፌራዮው፣ ፎርማኑና ተቆጣጣሪው ነው።

ስታፋን ውሰዱ። የኮለኑን ፌሮ የሚያቅፈው ቀጭኑ ቀለበት ነው። ኮዱ ኮለንና ቢም በሚገናኙበት አካባቢ ስታፋው እንዲጠጋጋ፣ ጫፉም 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይፈልጋል። 90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ ሕንፃው ሲወዛወዝ ሊከፈት ይችላል፤ ያኔ ፌሮው ይጎብጣል፣ ኮለኑ ይደቃል። ልዩነቱ የጥቂት ሳንቲም ብረትና የትንሽ ደቂቃ ሥራ ነው። አርማታው ከተሞላ በኋላ ደግሞ በዓይን አይታይም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። አርማታው እንዲፈስ ተብሎ ሳይት ላይ ውሃ ሲጨመር ጥንካሬው ይወርዳል።

ሦስተኛው ምድር ቤቱ ነው። ከላይ በብሎኬት የተሞላ፣ ከታች ለሱቅ ተብሎ መስታወት ብቻ የሆነ ጂ+4 በየመንገዱ አለ። ከላይ ያለው ግትር ነው፣ ታችኛው ልል። ሲንቀጠቀጥ ሸክሙ የሚያርፈው በታችኛው ኮለን ላይ ነው።

ቱርክን እናስታውስ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. 7.8 ሲመታት ዘመናዊ ኮድ ነበራት። ከ50 ሺህ በላይ ሰው ግን አለቀ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ሕንፃዎች ገንዘብ ከፍለው ሕጋዊ እንዲሆኑ ምሕረት ተደርጎ ነበር። ወረቀቱ ተስተካከለ፣ ኮለኑ ግን ያው ነው።

እና ምን ይደረግ?

ሁሉን ሕንፃ በአንዴ መፈተሽ አይቻልም። ሌሎች አገሮች የሚጀምሩት ባለሙያ ከውጭ አይቶ ነጥብ በሚሰጥበት ፈጣን ምዘና ነው። አጠራጣሪው ይለያል፤ የአርማታው ጥንካሬ ይለካል፣ ፌሮው በመሣሪያ ይታያል። ደካማ የሆነውን ኮለን በተጨማሪ ፌሮና አርማታ ማወፈር፣ የአርማታ ግድግዳ መጨመር ይቻላል። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤትና ከሆስፒታል ይጀመር፣ ውጤቱም ለነዋሪው ይገለጽ ነው የምንለው።

እናንተስ? ቤት የምታሠሩ ከሆነ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ስታፋውን ፎቶ አንሱ፣ መሐንዲሱንም ጠይቁ። ኮንዶሚኒየም የምታድሱ ደግሞ ሳሎን ለማስፋት ብላችሁ ኮለንና ቢም አትንኩ፤ ግድግዳም ቢሆን ባለሙያ ሳታማክሩ አታፍርሱ።

መሬቱ አሁን ዝም ብሏል። ለመጠየቅ የሚመቸው ጊዜም ይሄ ነው። የእናንተ ሕንፃ መቼ ተሠራ? የአፈር ምርመራውን ያየ ሰው አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።