የወጋየሁ ንጋቱ ሙያ ድምፁ ብቻ አይደለም

ወጋየሁ ንጋቱ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚነገረው ድምፁ ነው፤ መረዋ፣ ግርማ ያለው፣ ተፈጥሮ የቸረችው። ሙገሳው ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም ሙያውን ያሳንሰዋል። ድምፅ ብቻውን ለጥቂት ደቂቃ ያስደምም ይሆናል እንጂ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያህል ልቦለድ ተሸክሞ እስከ ፍጻሜው አይዘልቅም። በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው ትረካ የዘለቀው ወጋየሁ በመድረክ የተገራ ተዋናይ ስለነበረ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢትና የጉዱ ካሣ ምፀት በአንድ ጉሮሮ ሲያልፉ አይምታቱም። አልባሳት የለም፣ መብራት የለም፣ ቃል የሚቀበል ባልደረባ የለም፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ የሚለየው በእስትንፋስ፣ በዝምታና በአነጋገር ፍጥነት ነው። የቅኔ ቤት ደጃፍ የረገጠ የጎጃም ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም፤ በዲማም ሆነ በሌላው ጉባኤ፣ ካልሠለጠነ አፍ የወጣ ቅኔ ምሥጢሩ ይደበዝዛል።

«ድርሰቱ ራሱ ታላቅ ነው፤ ማንም ቢያነበው ያምር ነበር» የሚል አይጠፋም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ የማንም ድጋፍ እንደማያሻው እውነት ነው። ሆኖም ጉዱ ካሣ በሥርዓቱ ላይ የሚያወርደው ረጅም ትችት ለጆሮ የተሰናዳ አይደለም። አንባቢ ካመለጠው ገጽ ይመልሳል፤ የሬዲዮ አድማጭ መመለሻ የለውም። የቱ ሐሳብ ጎልቶ፣ የቱ ቀለል ብሎ እንደሚያልፍ በየዓረፍተ ነገሩ የወሰነው ተዋናዩ ነው። ፊደል ላልቆጠረው አድማጭማ መጽሐፉ ማለት ይኸው ትረካ ነበር።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ወጋየሁን የሰማ ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በራሱ ምናብ መሣል ይቸግረዋል ይባላል። በከፊል እቀበለዋለሁ። መፍትሔው ግን ሌላ ትረካ መጨመር ነው። እንግሊዛዊው ቢቢሲ በ1954 እ.ኤ.አ. የዲላን ቶማስን የሬዲዮ ድራማ ሲያስተላልፍ የዌልሱ ተወላጅ ሪቻርድ በርተን በትረካው ስሙን ተከለ፤ ያም ሆኖ አንቶኒ ሆፕኪንስ በ1988 እ.ኤ.አ. ያንኑ ሥራ በራሱ መንገድ አስቀረጸው፤ በርተንም አልተረሳ። እኛም እንዲህ ያለ አዲስ ትረካ የሚያሠራ አናጣም፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለው። የባለመብቶች ፈቃድ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ዛሬ በትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ ዜና ከሚያነቡት የቁይና የቢቸና ልጆች መርጦ፣ በተዋናይ አሠልጥኖ፣ መጽሐፉን ምዕራፍ በምዕራፍ ማስቀረጽ ይችላል። ወጋየሁን ይበልጣሉ አልልም። የልቦለዱ ማንኩሳና ዲማ በአገሬው ቅላጼ ሲተረኩ ግን በእሱ ትረካ ያልሰማነው ነገር መኖሩ አይቀርም።